መልስ

ከትሪንኮማሊ ወዲያ፣ የአሸዋው ጫፍ ላይ፣ የቆርቆሮ ዳስ አለኝ፤
የውኃ መነጽር አከራያለሁ፣ መተንፈሻ ቱቦ፣ በሰዓት የሚከፈለኝ።
ሰሌዳም ሰቅያለሁ፣ በሦስት ቋንቋ ጽፌ፦
«ኮራሉን አትንኩ፤ ወደ ባሕር ምንም አይጣልም።»
(በሦስተኛው ቋንቋ አንድ ፊደል ገድፌ
ቱሪስቶቹ ይስቃሉ። ግን ይታዘዛሉ።)

መቶ ክንድ ያህል ዋኝተህ ቁልቁል ብታይ፣
ዘጠኝ አውቶቡሶች አሉ፣ ተሰልፈው መሬት ላይ፤
መሬት ስል የባሕሩን መሬት ማለቴ ነው።
ያገለገሉ፣ ያረጁ፣ ሞተራቸው የወጣ፣
ዘይታቸው የተጠረገ፣ ወንበራቸው የተነቀለ፣ ቀለማቸው የነጣ፤
«ዓሣው ቤት አጥቷል፣ ቤት ይሁኑት» ተብሎ፣ በጀልባ ተጎትተው፣
አንድ በአንድ ሰጠሙ፣ መንደርተኛው እያጨበጨበ፣ አፍንጫቸውን ደፍተው።
ዛሬ ጣሪያቸው ላይ ኮራል በቅሏል፣
አንዱ እንደ ጎመን ተጠቅልሎ፣ አንዱ እንደ አጋዘን ቀንድ ተመንጥቋል።

ሲቫጉሩ የመጣው ማክሰኞ ነው፣ ሞገዱ እንዳረፈ፤
የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማውን እንደ ሕፃን እንዳቀፈ፤
የልጅ ልጁ ያሊኒ ከኋላው።
«ዋና ይችላሉ?» አልኩት። «መንዳት እችላለሁ» አለኝ።
«ሰባ አራት ቁጥርን ሃያ ሰባት ዓመት ነዳኋት። ሳስረክባት
የእጅ ፍሬኑን አልያዝኩም መሰለኝ።
እሱን ልይ።»

ምራቄን እንትፍ ብዬ መስታወቱን አሸሁለት፣ እንዳይደበዝዝበት፤
ካላማዳሪ ሰጠሁት፤ በሁለት እጁ እንደ መሪ ጨብጦ ተኛበት።
መጀመሪያ ቱቦው ተንጫጫ፣ ትንፋሹ እንደ አሮጌ ሞተር እየተቆራረጠ፤
ያሊኒ ጀርባውን ነካ አድርጋ፣ «ቀስ፣ አያቴ፣ ቀስ» ስትለው፣ ማርሽ ለወጠ።

በተራ አለፍናቸው። ስድስተኛዋ ዘንድ ስንደርስ እጁን አነሣ፤
በግራ ጎኗ፣ ዝሆን በሌሊት የገፋት ስርጉድ ውስጥ፣ ተኝቷል አንድ ዓሣ።
ሌላው፣ ከንፈረ ወፍራሙ፣ ነጠብጣባሙ፣ ከሹፌሩ ቦታ
ፊት ለፊት እያየ ተቀምጧል፤ ዝምተኛ፣ የተሳፋሪ ጩኸት የማይሰማ ጌታ።
ሲቫጉሩ በቱቦው ውስጥ ሳቀ። የውኃ ውስጥ ሳቅ
እንስራ ሲሞላ ነው የሚመስለው። ጨው ጠጣ፤ አሳለ፤
ቀና አድርገን ስናስተነፍሰው፣ «ተተክቻለሁ» አለ።

ከዚያ ጎማው ላይ ተንጠልጥሎ፣ አገጩ ውኃ እየነካ፣ አወራኝ።
በጦርነቱ ጊዜ፣ ከድልድዩ ወዲህ፣ ኬላ ነበረ፤
ተሳፋሪ ሁሉ መታወቂያውን ይዞ እየወረደ ይሰለፍ፣ ይፈተሽ ነበረ።
ሦስተኛው መስኮት ሥር አንድ ልጅ፣ ደብተሩን በላስቲክ የጠቀለለ፣
መቶ ሩፒ ሰጠ፤ ረዳቱ ዝርዝር አጣ፤
ከቲኬቱ ጀርባ «መልስ፣ ሰማንያ ሁለት» ብሎ ጻፈና፣ «ቆይ» አለ።
ኬላው ላይ «ወራጅ!» ተባለ።
አርባ አንድ ሰው ወረደ። አርባ ተመለሰ።

«ሞተሩን አላጠፋሁም» አለኝ። «አንድ ሰዓት ጠበቅኩ።
ወታደሩ ጣሪያዋን በጡጫ ደበደበ። ነዳሁ።
ረዳቴም ሞተ፤ ሒሳቡ ወደ እኔ ዞረ።
የእጅ ፍሬን ያልኩህን ተወው።»

ከሸሚዙ ኪስ የተቋጠረ ጨርቅ አወጣ።
ሰሌዳዬ ከዳር ይታየኛል፦ ምንም አይጣልም፣ ምንም።
ዞር አልኩ፤ መነጽሬን አወለቅኩና
ያልደበዘዘውን መስታወት ማሸት ጀመርኩ፣ ደጋግሜም።

ያሊኒ ናት ያየችው፤ ፊቷን ውኃ ውስጥ ነክራ ነበር።
ሳንቲሞቹ ሲወርዱ ይገለባበጣሉ አለችኝ፣ እንደ ቅጠል፣ ሳይቸኩሉ፤
አንዱን ቢጫ ዓሣ ጎርሶ ተፋው፤
ጥቂቶቹ በሦስተኛው መስኮት ገቡ፤ አሸዋ ላይ ቀሩ የበዙት፣
መታወቂያ የሌላቸው፣ ማንም የማይጠይቃቸው ትናንሽ ዓሦች እየከበቡት።

ዳስ ስንመለስ ሸሚዙ አልደረቀም። አምስት መቶ ሩፒ ዘረጋልኝ፤
ዝርዝር የለኝም። «መልሱን ነገ ይውሰዱ» አልኩት፣ ሳላስብ፣ አፌ አምልጦኝ።
«እጠብቃለሁ» አለ።
ዘንባባው ሥር ተቀመጠ፣ ጫማውን እንዳቀፈ፣
ሌላ ደንበኛ እስኪመጣ፣ ፀሐዩ ዳሱን እስኪያልፍ፤
ስሰጠውም ቆጠረው፣ አንድም ሳንቲም ሳይዘልል፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ።